አንድ እግር ጫማ

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ሳይፈልግ የሰፈሩን ጓዳ ያውቃል። ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ የማን ትዳር ራስ ምታት እንዳመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለእኔ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። አንዳንዴ ግን አፌ አያርፍም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ መድኃኒቱን ትሸጫለሽ፣ ምክሩን በነጻ ትመርቂያለሽ» ይለኝ ነበር። ይህ የምነግራችሁ ነገርም አፌ ካላረፈባቸው ቀኖች በአንዱ የተጀመረ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቁ ጭር ብሏል። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ የሚኖሩት አዛውንት ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነው ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ቤት የገቡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ «አባባ ሹፌር» ይላቸዋል። ሲራመዱ አሁንም ከመኪና እንደሚወርድ ሰው አንድ እግራቸውን አስቀድመው መሬቱን ይፈትሻሉ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ ወደ በሩ ዞር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዶክተር፣ አንዲት ነገር ፈልጌ ነበር።»

ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸው ብነግራቸው ሊተዉት ስላልቻሉ እኔው ትቼዋለሁ።

«ምን ልታዘዝ አባባ?»

«ለልጅ እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ፣ ቀለል ያለ። የምፈልገው ለነገ ጠዋት ብቻ ነው፤ እናትየው ከቤት እስክትወጣ።»

«ልጅቷን አሟታል?»

«ኧረ ጤነኛ ናት። ጤነኛ ሆና ነው እኮ የቸገረችን።» ጎንበስ አሉልኝ። «ምራቴ ነገ ለሥራ ራቅ ያለ ከተማ ትሄዳለች። ድሮ ልጅቷ ስትተኛ ነበር ሹልክ የምትለው። አሁን ነቅታብናለች። ሳይነጋ ተነስታ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ባለፈው የእናቷን ጫማ አንድ እግሩን አቅፋ ተኛች። ቀስ ብዬ ከእጇ ላወጣ ስል ብንን አለችና ሕንጻውን በለቅሶ አናወጠችው።»

ልጅቷን አውቃታለሁ። ገና መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወራት ቢሆናት ነው። በር ጠባቂነቷን ያየ ሁሉ «ዘበኛዋ» እያለ ይጠራታል፤ እሷም ስሟ መስሏት አቤት ትላለች።

«አባባ» አልኩ፣ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ፣ «ለዚህ ብለው ከሆነ ከእኔ አያገኙም። ጤነኛ ልጅ ስለተከፋች በመድኃኒት አትተኛም።»

ፊታቸው ጠቆረ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጅ ልጃቸው እንዳታለቅስ ብለው ነው። ግን ክፋት የሌለበት ስሕተትም ስሕተት መሆኑን ልነግራቸው አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና ምራታቸው ገባች።

የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ከታች ግን ያደረገችው ሁለት እግር የሚያስገባ የባሏን ነጠላ ጫማ ነው። ይህች ሴት ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች ማሽን የምትጠግን መሐንዲስ ናት። ሙያዋ በተለይ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸው ማሞቂያዎች ናቸው።

«እትዬ፣ ዳይፐር ይስጡኝ» አለች። «እግሬን አይተው አይሳቁብኝ። የቀኙ ጫማዬ ከትናንት ጀምሮ የለም። አልጋ ሥር አየሁ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አየሁ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይቀር አየሁ።» ከዚያ አማቷን አየቻቸው። «አባባ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን አዩ። እኔም ምላሴን ልይዝ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የመጡበትን ነገር አወጣሁባቸው። ሴትዮዋ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ይኸው፣ እዚህ ደረስን» አለች ቀስ ብላ። «በቃ፣ ደውዬ አልችልም እላቸዋለሁ።»

«ማንን ነው አልችልም የምትዪው?» አልኳት።

«መሥሪያ ቤቴን። የጠጋኞቹ ቡድን ኃላፊ ሁኚ ብለውኛል። በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት መንገድ አለው። መልሱን ዛሬ ነው የሚጠብቁት።»

አዛውንቱ አጠገቧ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሥራሽን አልናቅሁም፤ የቤቱ ኩራት ነሽ። ነገር ግን አንዷ በር ላይ ናት፣ ሌላው ገና ድክ ድክ ይላል። መንገዱን ለጊዜው ብትተዪው ምን አለበት? ሹመቱን ሌላ ሰው ይውሰደው።»

«እኔም ለራሴ እንደዚያ እላለሁ አባባ። ግን ባለፈው የሄድኩበት ሆስፒታል ማሞቂያው ተበላሽቶ ነርሷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታሞቀው አገኘኋት። ጠግኜ ስጨርስ አስተኛችውና እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። ኃላፊ ብሆን ማሽኖቹ ከመበላሸታቸው በፊት እንዲታዩ ማድረግ እችላለሁ። ይህን እያወቅሁ ቤት ብቀመጥ ደስተኛ እናት የምሆን አይመስለኝም። ብሄድ ደግሞ ልጄ በሩ ሥር ናት። ሁለቱም ያመኛል።»

«የምታደርጊው ትልቅ ጽድቅ ነው፤ ማን ካደ?» አሉ አዛውንቱ። «ግን እናት ናት የቤት ማገር።»

«እርስዎስ አባባ? ዕድሜዎን በሙሉ መንገድ ላይ አልነበሩም? ቤትዎ ፈረሰ?»

ጥያቄውን ያቀረበችው በፍጹም ትሕትና ነው። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እኔ አባት ነኝ። እናቲቱ ቤት ነበረች። ደግሞም ልጆቼ አንድ ቀን አልቅሰው አያውቁም። ለምን መሰለሽ? እየነገርኳቸው ሄጄ አላውቅማ። እኛ ሹፌሮቹ መንገደኛ ደህና ሁኑ አይልም እንል ነበር፤ ካለ መንገዱ ይከፋበታል። ሞተሩን ማስነሳት፣ መሄድ። ልጆቹ ሲነቁ አባታችሁ ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ ይባላሉ። በቃ፣ ይረሱታል።»

የዚያ ቤት ልማድ ምንጩ የት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እነሱ በሚኖሩበት ሦስተኛው ፎቅ ማንም ማንንም አይሰናበትም። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ሲወጣ በሩን እንደ ሌባ ነው የሚዘጋው፤ ብዙ ጊዜ አይቼ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ ነው እያልኩ አመሰግነው ነበር። ለካስ መኪናው ከቆመ በኋላም ሹፌርነቱ በቤቱ ቀጥሏል።

«ይረሱታል ያልዎት ማን ነው አባባ?» አልኩ። ወደ ሴትዮዋ ዞርኩና «ዘበኛዋ፣ አንቺ መንገድ በሌለሽ ቀን እንዴት ናት?» አልኳት።

ሴትዮዋ እጇን እያየች መለሰች። «መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ሥር ትተኛለች። ጣቶቿን በበሩ ሥር ታስገባና ‹እማዬ፣ ጣቴን ንኪው› ትለኛለች። እስክወጣ ድረስ መንካት አለብኝ።»

አዛውንቱ ይህን አላወቁም ነበር መሰለኝ፣ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«እንግዲህ አያችሁ» አልኩ። «ልጅቷ ከተደበቀው ጉዞ የተማረችው ይህንን ነው። እናት ዓይን ከተነቀለባት ትጠፋለች ብላ ደምድማለች። ስለዚህ እናቷ በሄደችበት ቀን ብቻ አይደለም የምትሰቃየው፣ አብራት በዋለችበትም ቀን ነው። እኔ እዚህ ቆሜ ስንት እናት አይቻለሁ መሰላችሁ። መራራውን ሽሮፕ ጣፋጭ ነው ብላ ያጠጣች እናት በማግስቱ የልጇን አፍ በማንኪያ አታስከፍተውም። ይመራል፣ ከዚያ ውሃ እሰጥሃለሁ ያለችው ግን ልጇ ፊቱን አጨማዶም ቢሆን ይውጥላታል።»

«ቢነገራት አታለቅስም ነው የምትዪው?» አሉ ሽማግሌው።

«ታለቅሳለች። ታልቅስ። የምትወዳት እናቷ ስትሄድባት ብታለቅስ ምን ይገርማል? ሲሄዱ አይቶ ማልቀስና ነቅቶ ማጣት ግን አንድ አይደለም። ስትሄድ ያየቻትን ትመጣለች ሲሏት ትጠብቃለች። ያላየችውን ምን ብላ ትጠብቅ?»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የመጽሐፍ ነገር ነው ዶክተር። ደግሞስ ልጄ ብቻውን ሁለት ሕፃን እንዴት ይችላል?»

የተጠራ ይመስል ልጃቸው በዚያው ቅጽበት ገባ። የሂሳብ መምህር ነው፤ ዝምተኛ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። በአንድ ትከሻው የደብተር ቦርሳ፣ በሌላው ከሕፃናት ማቆያ ያመጣውን ትንሹን ልጅ ይዟል። ዘበኛዋ ደግሞ የሱሪውን ኪስ ጨብጣ ነበር፤ እናቷን ስታይ ለቀቀችውና ሮጣ ጭኗ ውስጥ ገባች።

«ምነው ሁላችሁም እዚህ? ማን ታመመ?»

«እንዴት እንደምትችል እየተወራ ነው» አለችው ሚስቱ ፈገግ ብላ።

«ባለፈው የሠራሁትን እራት ማን ነበር የበላው?» አለ ወደ አባቱ ዞሮ።

«ጨው አንሶት ነበር» አሉ አዛውንቱ።

«ሁለት ጊዜ አስጨመሩኝ እንጂ፣ አባዬ።»

ሳቅን። ሚስቱ ግን ነገሩ በሳቅ እንዲያልፍ አልፈለገችም። «ምግቡስ ይሁን። ግን መንገድ ላይ ሆኜ ማሽን ፈትቼ፣ እጄ ቅባት ሆኖ፣ ስልክ ይደወልልኛል። ቴርሞሜትሩ የት ነው? የልጁ ካልሲ የት ነው? ሰውነቴ እዚያ ይሁን እንጂ ቤቱን ይዤው ነው የምዞረው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እውነቷን ነው።» ከዚያ ጨመረ፤ «አንቺም ስትመጪ ሰላም ከማለትሽ በፊት ያጠብኩትን ዕቃ መልሰሽ ታጥቢያለሽ። ያን ጊዜ ሁሉንም ብተወው እላለሁ።»

እሷም አንገቷን ደፋች። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ እኩል ጥፋታቸውን ተካፍለው ሲቀመጡ ማየት ግን ደስ ይላል። እኔም ስለ ሽሮፑና ስለ ጫማው፣ አዛውንቱ ስለ ሹፌሮች ልማድ ያሉትንም ጭምር ነገርኩት። ያን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ባንኮኒዬ ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አየው።

«አባዬ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ መኪናዎ ውስጥ የተገኘ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ከወንበሩ ኋላ ወሽቀኸው ሩቅ አገር ስደርስ አገኘሁት። እስክመለስ ያለ ደብተር ዋልክ። ዝንጉ ብዬ ተቆጣሁህ። ሳልገርፍህም አልቀረሁ።»

«አልዘነጋሁትም ነበር። አውቄ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ለምን?»

«ቦርሳ የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ስለዚህ ይመለሳል ብዬ። ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ ሲሉኝ እሺ እል ነበር እንጂ አንድም ቀን አላመንኩም። እርስዎ ቤት ሲሆኑ ሁልጊዜ ደጅ መኪናው አጠገብ የምጫወተው ሲነሳ እንዳያመልጠኝ ነበር።»

ትንሹ ልጅ የአያቱን ባርኔጣ ይጎትታል፤ እሳቸው አልተሰማቸውም።

«እንደዚያ ስቆጣህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያኔ እንኳ ለምን እውነቱን አልተናገርክም?»

«ስለመጡ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ልጃቸው።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ ዘመን ልጆቼ አላለቀሱም እያሉ ሲኩራሩበት የኖሩት ነገር እጃቸው ላይ ፈረሰ። ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ብናገር ውሸት ይሆናል። የእኔ ምክር ሁሉ ተደምሮ የዚያን አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል አልሠራም።

ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ልጄ፣ ደውዪላቸው። ግን እሺ በያቸው።» ወደ ዘበኛዋ ጠቆሙ። «ከዚህች ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ተደብቀሽ አትውጪ። እኔም ነዳጅ ነው ምናምን አልልም።»

እዚያው ደወለች። ሹመቱን እቀበላለሁ አለች፤ ነገር ግን ሁለት ጉዞ ሳይራራቅ እንዳይደረብባት፣ ልጆቿ ሲታመሙባትም ሌላ ሰው እንዲተካ ጠየቀች። የመጀመሪያውን እሺ አሏት፤ ሁለተኛውን እናያለን አሏት። «እናያለን» ማለት ምን እንደሆነ መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም መጠየቁን ጠይቃለች። ስልኩን እንደዘጋች ዘበኛዋን አቅፋ፣ ነገሩን በልጅ ቋንቋ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። «ነገ ጠዋት ለሥራ እሄዳለሁ። ስሄድ ታዪኛለሽ። አርብ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ደረጃው ላይ ታገኚኛለሽ።» ልጅቷ አላለቀሰችም። የእናቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ መረመረችው። ጫማውንም ማንም እንዳይፈልግ፣ ማንም ስለ እሱ እንዳይጠይቃት ተስማማን።

በማግስቱ መዝጊያዬን ስከፍት የመሥሪያ ቤቷ መኪና ደጅ ቆሟል። ቤተሰቡ በሙሉ ወረደ። እናትየው የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ግራ እግሯን ተጫምታ፣ በቀኙ የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። አባትየው ትንሹን ይዟል፤ አዛውንቱ የልጅቷን እጅ። ልጅቷ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች አንድ ነገር ከልብሷ ሥር ሆዷ ላይ ወሽቃ ነበር። እናቷ ተንበርክካ ስትስማት አወጣችው። ጫማው ነበር።

«የት አግኝተሽው ነው?» አሉ አያቷ።

«ከአባባ ሻንጣ» አለች። «የአባባ ሻንጣ የትም አይሄድማ።»

አዛውንቱ ከሹፌርነት ዘመን የቀረች አሮጌ የመንገድ ሻንጣ ቁም ሣጥን ሥር አላቸው። ማንም እዚያ አልፈለገም። ልጅቷ ራሷ ጫማውን በእናቷ እግር አጠለቀች፤ ማሰሪያው ግን አልሆነላትም፣ አባቷ አሰረው።

ከዚያ አለቀሰች። እንደ ፈራነው፣ የጎረቤት መስኮት እስኪከፈት ድረስ አለቀሰች። አዛውንቱ ደነገጡና «ነይ እስቲ ድመቷን…» ብለው ጀመሩ። አቋረጡት። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ሲናገሩ ከበሬ ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። «እናትሽ እየሄደች ነው። አርብ ትመጣለች። እኔም ከፍቶኛል።» ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ አያቷ ይከፋቸዋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ሁለቱም እጃቸውን አወዛወዙ።

«አርብ ነገ ነው?» አለች እያነፈነፈች።

«አይደለም።»

«እሺ፣ ዳቦ ስጡኝ።»

አርብ ዕለት እናትየው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። የተባለው ቀን የተባለው ሰው ተገኘ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው ልጅን የሚያሳድገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉዞ ሆኗል። ልጅቷ አሁንም አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ ሆኖም ጣቷን በበር ሥር ማስገባት ትታለች፣ ጫማውም ቦታው ላይ ነው። አባትየው ቴርሞሜትሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ እንዲያውም ቦታውን እሱ ስለለወጠው አሁን የምትጠይቀው እሷ ናት። ስትመለስ ዕቃ ማጠቢያው ጋ አትሄድም። የመጣች ዕለት አመሻሹ ላይ ልጆቹን ለአያታቸው ትተው ባልና ሚስቱ ሰፈሩን ይዞራሉ፤ በሱቁ መስታወት ሳያቸው እንደ እጮኛሞች ነው የሚያወሩት። ሥራዋም ከብዷታል፣ ግን ፊቷ ቀሏል። ሰው ቤቱንና ሥራውን አብሮ መያዝ የሚያቅተው ሸክሙ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ብቻውንና ተደብቆ ሲሸከመው ነው። እናንተም ቤት ማለዳ ሹልክ ብሎ የሚወጣ እግር ካለ፣ እባካችሁ ነግሮ ይውጣ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የዚያን የመጀመሪያውን ጠዋት ነው። መኪናው ከተሰወረ በኋላ አዛውንቱ ለዘበኛዋ ዳቦ ሊያመጡ ወደ ደረጃው ዞሩ። ልጃቸው ትንሹን እንዳቀፈ፣ እንደ ወትሮው ቃል ሳይተነፍስ፣ በግድግዳው ጥግ ወደ ሥራው መንገድ ጀመረ። ቦርሳውን ደረጃው ላይ ረስቶት ነበር። መርሳቱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«አንተ ልጅ» ሲሉ ተጣሩ።

ቆመ። አዛውንቱ ቦርሳውን አነሱ፣ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉለት፣ ቀስ እያሉ ሄደው ትከሻው ላይ አንጠለጠሉለት። ማሰሪያውን ለትንሽ ልጅ እንደሚደረገው አስተካከሉለት።

«ቦርሳህን ያዝ» አሉት። «ማታ ስትመጣ እዚሁ ነኝ።»